ከቴራፒስቴ ጋር ማስታወሻ ስንለዋወጥ

እናቴ አዲስ አበባ ስታርፍ እኔ ሜሪላንድ ነበርኩ። የጥገኝነት ጉዳዬ ስላላለቀ ለቀብሯ መሄድ አልቻልኩም። ጓደኞቼ በጠዋት መጥተው አረዱኝ፣ አፓርታማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ሌሊት የራሴ ሞት ይመጣብኝ ጀመር፣ እዚህ አገር ለምን እንደምኖር ራሱ ጠፋኝ።

ሳፈላልግ ኤግዚስቴንሻል ሳይኮቴራፒ የሚባለውን አገኘሁ፤ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ትርጉም ፊት ለፊት የሚያነጋግር የንግግር ሕክምና ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ ቶሎ የሚነሳው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም (ሳይካትሪስት) ኧርቪን ያሎም ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 እዚሁ ዋሽንግተን የተወለደ፣ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ የነበራቸው የስደተኞች ልጅ ነው። ያሎም ብዙው ጭንቀታችን ከአራት ነገሮች ጋር ስንፋጠጥ የሚመጣ ነው ይላል፦ ሞት፣ ነጻነት ከነኃላፊነቱ፣ ማንም ሊጋራን የማይችለው ብቸኝነት፣ የትርጉም ማጣት። እውነቱን ለመናገር አራቱም አዲስ አልሆኑብኝም፣ ተዝካር ላይ ያደገ ሰው ያውቃቸዋል። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ያሎም ከአንዲት ታካሚው ጋር በጋራ መጽሐፍ አሳትሟል። ሴትዮዋ ጸሐፊ ናት፣ መጻፍ አቅቷት ነው የመጣችው። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ሁለቱም ለየብቻ የተሰማቸውን ይጽፋሉ፣ ቆይተው ይለዋወጣሉ። ሲያነቡት እሱ የተራቀቀበትን ትንታኔ እሷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ እሷ የያዘችው ስለ አለባበሷ ያላትን አንድ ጥሩ ቃል፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን ነው።

ይህን ሕክምና የምትሰጠኝን ቴራፒስቴን "እኛስ እንሞክረው?" አልኳት። አሜሪካዊት ናት፣ በዕድሜ እናቴን ብታክል ነው። አሰበችበትና እሺ አለች።

አንድ ቀን ስለ ቀብሩ ስናገር ሰዓቷን አየች። እኔ ደግሞ ይሉኝታዬ የታወቀ ነው፣ ታላቅን "ለምን እንዲህ አደረግሽ" ማለት ከየት ይመጣል! ዝም ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ግን ጻፍኩት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ አነበብኩላት። አልተከላከለችም። ሰዓት ሲያልቅ መሀል ላይ ታቋርጠኝ እንደሆነ ፈርታ እንደነበር ነገረችኝ፣ ቀጥላ "ሌላስ ማን ላይ እንዲህ ዝም ብለህ ትወጣለህ?" አለችኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ አለቃዬ አለበት፣ ወንድሜ አለበት፣ እናቴም አለችበት። እኔ ሕክምናው ይሄ ነው የምለው፦ ውጭ የምታደርገውን እዚያች ክፍል ውስጥም ታደርገዋለህ፣ ልዩነቱ እዚያ ወዲያው መነጋገር መቻሉ ነው። ያሎምም በየቀጠሮው "ዛሬ እኔና አንተ እንዴት ነን?" ዓይነት ጥያቄ ሳይጠይቁ መለያየት አይገባም ባይ ነው።

ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። ሰው ፊት ባዶ እጄን መቀመጥ ለምን እንደሚከብደኝ ስናወራ ሰዓቱ አለቀ። በሌላ በኩል ቤቴ ቡና ልጋብዝሽ ስላት አልመጣም አለች፤ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ገደቡ ባይኖር ኖሮ የሰዓቱን ነገር የምነግራት አይመስለኝም፣ ጓደኛ ብትሆን እታዘባታለሁ እንጂ።

ማስታወሻ ስንለዋወጥ እሷ "ዛሬ ምንም አልረዳሁትም፣ ዝም ብዬ ነው የዋልኩት" ያለችበትን ቀን እኔ ከሁሉም የተሻለ ቀን ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ያልተስማማሁበትም አለ። ያሎም ሃይማኖትን የሞት ፍርሃት ማስታገሻ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ በትንሣኤ አምናለሁ፣ ነገርኳት፣ ልትነጥቀኝ አልሞከረችም። የንስሐ አባቴንም አልተካችም። እሳቸው ዘንድ የኃጢአት ስርየት አለ፣ እሷ ጋ የለም፣ የመረጥከውን ራስህ ትሸከማለህ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ብዙዎቹ ቴራፒስቶች መጀመሪያ በነጻ አጭር የስልክ ንግግር ይሰጣሉ። እዚያ ላይ "አንተ ያስቀየምከኝ ቀን ልነግርህ እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም አዳምጡ። ዋጋውንም አትፈሩ፣ እንደ ገቢ የሚቀንሱ አሉ።

አሁን የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለ ማብቂያው ያነሳችው እሷ ናት፣ መለያየቱም የሥራው አካል ነው ትላለች። ቀኑን ገና አልቆረጥንም። የማጓትተው እኔ ነኝ፣ እሱንም ጽፌ ሰጥቻታለሁ።