የቆሸሸ እንቁላል ማስፈልፈያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ የማደርገውና የተውኩት

እንቁላል ስሰበስብ መጀመሪያ የምሠራው ማጽዳት ሳይሆን መለየት ነው። ሦስት ትሪ አዘጋጃለሁ። አንደኛው ላይ ንጹሑን አስቀምጣለሁ። ሁለተኛው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የደረቀ ኩስ ወይም ጉዝጓዝ የተለጠፈበትን አኖራለሁ። ሦስተኛው ላይ እርጥብ ኩስ የተቀባው፣ የሌላ እንቁላል አስኳል የፈሰሰበት፣ መሬት ላይ ተጥሎ የተገኘውም ይሄዳል። አንደኛው እንዳለ ይገባል፤ ሁለተኛው በደረቁ ተጠርጎ ይከተላል፤ ሦስተኛው፣ ዝርያው በቀላሉ የማይተካ ካልሆነ በቀር፣ ማስፈልፈያ አያይም። የተሰነጠቀው ደግሞ ከሦስቱም ውጭ ነው።

ሁሉንም እያጠብኩ የማስገባውን ልማድ የተውኩት እንቁላሉ እንዴት እንደሚቆሽሽ ከተረዳሁ በኋላ ነው። ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ከ7,000 እስከ 17,000 የሚደርሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሽሉ ሃያ አንዱን ቀን የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ከላይ ኪውቲክል የሚባል ስስ ሽፋን ይከድናቸዋል። ዶሮዋ ስትጥል ሽፋኑ እርጥብ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቅና ባክቴሪያ እንዳይገባ ይከላከላል። በውሃ ማሸትም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ይህንኑ ሽፋን ይገፍፋል። ስለዚህ ታጥቦ ያበራ እንቁላል ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ መከላከያው ግን ተነሥቶለታል።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። እንቁላል ሲጣል የዶሮዋን የሰውነት ሙቀት፣ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተራል፤ ቅርፊቱ ግን ባለበት ይቆያል። ክፍተቱን በቀዳዳዎቹ የሚሳብ አየር ይሞላዋል፤ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ኪስ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በዚያ ሰዓት ቅርፊቱ ላይ እርጥብ ኩስ ካለ ከአየሩ ጋር እሱም ይሳባል። ማታ ላይ ቢታጠብ የሚነሣው የውጩ ብቻ ነው፤ የገባው ገብቷል። ሦስተኛውን ትሪ የምተወው ለዚህ ነው።

ለሁለተኛው ትሪ የሚያስፈልገው ደረቅ ሻካራ ስፖንጅ፣ ካልሆነም ቁጥር 220 ወይም ከዚያ የለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት ነው። የደረቀውን ኩስ በጥፍር ጫፍ አነሣለሁ፤ የቀረውን ቆሻሻው ባለበት ቦታ ብቻ በቀላሉ እፈገፍጋለሁ። ነጠብጣቧ እስክትጠፋ ድረስ አልታገልም፤ የደረቀ ቀለም ቢቀር ጉዳት የለውም፣ ቅርፊቱ ከሳሳ ግን አይመለስም። ዱቄቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ እንጂ በአፌ አልነፋም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከሁሉም የከፋው ግን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ የአንዱን ኩስ ለሌላው ያዳርሳል፣ የደረቀውን ቆሻሻም አሟሙቶ ወደ ቀዳዳው ይልካል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው።

ማጠብ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያኔ እንቁላሉ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል፤ ከቀዝቃዛ ቦታ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢገባ ቅርፊቱ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ውሃው ሁልጊዜ ከእንቁላሉ ቢያንስ በ11 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ እኔ ከ40 እስከ 43 ዲግሪ አደርገዋለሁ፣ በእጅ ግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር። ሙቅ ውሃ የእንቁላሉን ውስጥ ስለሚያሰፋው ግፊቱ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ቆሻሻውን ይስባል።

ሁለት መያዣ እጠቀማለሁ። በመጀመሪያው ንጹሕ ሙቅ ውሃ ብቻ ይገባል፤ እንቁላሉን አንድ በአንድ አንሥቼ በእጄ በቀላሉ አሽቼ ቆሻሻውን አስለቅቃለሁ። በሁለተኛው በረኪና የተጨመረበት ውሃ አለ፤ 5 በመቶ ክሎሪን ላለው በረኪና ለ1 ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ይህም በሚሊዮን 200 እጅ ይሆናል። የበረኪናው ውሃ ከመጀመሪያው በአንድ ሁለት ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ቀዝቅዞ ከተገኘ እንቁላሉ በእርጥቡ መኮማተር ይጀምራልና የመጀመሪያው ድካም ከንቱ ነው። ሁለቱን በአንድ መያዣ ማቀላቀል ደግሞ በረኪናውን ያባክናል፤ ክሎሪን ኩስና አስኳል ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ሙቅ ውሃ ውስጥም ቶሎ ስለሚተን ሲያጥቡ እንጂ ቀድሞ አይበጠበጥም። ኮምጣጤ በምንም መንገድ አይገባም፦ የቅርፊቱን ካልሲየም ይበላል፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአንድ እንቁላል አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ መዘፍዘፍ ክልክል ነው። የተዘፈዘፈ እንቁላል የውሃውን ሙቀት ይይዝና ወደ ውጭ ይገፋ የነበረው ግፊት ይቆማል፤ ሲያወጡት ደግሞ በእርጥብ ቅርፊት እየቀዘቀዘ ይስባል። ውሃው ሲደፈርስ ወይም ሲቀዘቅዝ መለወጥ ነው፣ መቆጠብ አያስፈልግም። መያዣው ዝገት ያለው ባልዲ አይሁን። የእንቁላሉ ነጭ ክፍል ባክቴሪያን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ ብረትን አስሮ መያዙ ነው፤ ብረት የበዛበት ውሃ ሲገባ ይህ መከላከያ ይዳከማል፣ ግማትን የሚያመጣው ፕስዮዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያም ይበረታል።

ከዚያ ሳይጠረግ፣ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ትሪ ላይ አየር እያገኘ ይድረቅ። የወረቀት ትሪ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ያበቅላል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አይሄድም። በማጠብ ፈንታ ፎርማሊን በሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ጋዝ ማጠን የሚመርጡ አሉ፤ እኔ አልገባበትም። ጋዙ ለሰው አደገኛ ነው፣ ማስፈልፈያ ከገባ ከ24 እስከ 96 ሰዓት ያለውንም ሽል ይጎዳል።

ማቆያው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች። ከ7 ቀን በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የታጠበውን ግን ያን ያህል አላቆይም፣ አስቀድሜ አስገባዋለሁ። ከማቆያ ወጥቶ በቀጥታ ሙቅ ክፍል ከገባ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ ከእጥበት ውሃ አይለይም፣ ያውም ቀዝቃዛ። ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በክፍል ሙቀት ይቆያል። ላብ ካወጣ በጨርቅ አይነካም፤ በራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል።

የተጠረገውንም የታጠበውንም በእርሳስ ምልክት አድርጌ ከታችኛው መደዳ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ቢፈነዳ ፍሳሹ ንጹሑ ላይ እንዳይወርድ ነው። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን በመብራት ሳይ ምልክት ካላቸው እጀምራለሁ። ቅርፊቱ ላይ ጠብታ ያዣ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ጥላ የታየበት፣ የሚሸት ወዲያው ይወጣል። ሳይነቀነቅ፣ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፤ ውስጡ የታመቀው ጋዝ በትንሽ ንክኪ ይፈነዳል። ማሽኑን ስከፍት ሽታ ካለና የትኛው እንደሆነ ካልለየሁ እያንዳንዱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ደስ አይልም፣ ግን ከመብራቱ ቀድሞ የሚያገኘው አፍንጫ ነው።

ሦስተኛው ትሪ ላይ የሚከማቸው ከበዛ ችግሩ ያለው የመጣያው ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ሳጥን ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ፣ ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ ገለባ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ፤ እርጥብ ቦታ ሲታይ ያኑ ጊዜ ይነሣል። አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከቀትር በፊት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሁለት ሦስት ጊዜ መሰብሰብ ማታ አንድ ጊዜ ከመዞር ይሻላል። ቆጡ ደግሞ ከሳጥኖቹ ከፍ ይበል፤ ዶሮ ማታ የምትሰፍረው ካገኘችው ከፍታ ሁሉ ላይኛው ላይ ነው። ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ እዚያው ታድራለች፣ የሌሊቱንም ኩስ እዚያው ትጥላለች። ቆጡን ማንሣት ካልተቻለ ሲመሽ የሳጥኖቹን አፍ ዘግቶ ጎሕ ሳይቀድ መክፈት ነው።