በአጎቴ ልጅ ስም የወጣ ሲም

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ዕቃ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ሆኜ የቴሌግራም አካውንቴን በገዛ እጄ አሳልፌ መስጠቴን መናገር ያሳፍረኛል፤ የምጽፈው ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

አንድ ደንበኛዬ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጣት» ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ገጹ ስልክ ቁጥሬን፣ ቀጥሎም ከቴሌግራም የደረሰኝን ባለ 5 አኃዝ ኮድ ጠየቀኝ፤ ሞላሁት። ለካ ደንበኛዬም ቀድሞ ተጠልፎ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ በእኔ ስም «ብር አበድሩኝ» የሚል መልእክት ለሰው ሁሉ መድረስ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያውኑ እንዲያስወጣ ስለማይፈቅድ፣ ቅንብር ውስጥ ገብቼ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ሌባውን በሁለት ደቂቃ ማስወጣት እችል ነበር። እኔ ግን ደንግጬ፣ የጎረቤት ሱቅ ልጅ «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ሲለኝ እሺ ብዬ አጠፋሁት። መልሼ ስጭነው ኮዱ የሚላከው ገብቶ ወዳለው ስልክ፣ ማለትም ወደ ሌባው ሆነ። በአጭር መልእክት እንዳላስልክ ደግሞ ሲሙ ከጠፋ ስምንት ወር አልፎታል፤ ቴሌግራሙ በዋይፋይ ስለሚሠራልኝ ላስተካው አልተጣደፍኩም ነበር።

ሲሙን ላስተካ ወደ አገልግሎት መስጫው ስሄድ ቁጥሩ የተመዘገበው በአጎቴ ልጅ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ጅቡቲ ነው ያለው። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በማግሥቱ አንዲት ሠራተኛ የባለቤቱን መታወቂያ ፎቶ እንዳመጣ ነገረችኝ፤ አስልኬ አሳትሜ ይዤ ስሄድ ሌላኛው ሠራተኛ ወረቀቱን እንኳ ሳያየው «እርስዎ ባለቤቱ አይደሉም፤ ራሳቸው ይምጡ፣ አለዚያም ውክልና ያምጡ» አለኝ። በድሬ ሁሉም ሰው «አንተ» እያለው የኖረ ሰው «እርስዎ» ሲባል ጉዳዩ እንደማይሳካ ወዲያው ይገባዋል። ሕጉ ትክክል መሆኑን አልክድም፤ ለጠየቀ ሁሉ ሲም ቢሰጥ ሌባውም ሄዶ ይወስድ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ቢነግረኝ ግን ምን ይጎድልባቸው ነበር? የአጎቴ ልጅ ፈቃድ አግኝቶ እስኪመጣ 11 ቀን ፈጀ፤ ሲመጣ ሥራው ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ እንኳ አልበቃም። እስከዚያው ሁለት ደንበኞቼ ብር ልከዋል። ለአንደኛው ከኪሴ ከፈልኩ፣ ሌላው እስከ ዛሬ ሱቄን አልፎ ይሄዳል።

ሲሙ ተገኝቶ ኮዱ ሲመጣም ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል አበጅቶበት ጠበቀኝ። የቀረኝ አካውንቱን ማስሰረዝ ነበር፤ ለዚያም 7 ቀን ያስጠብቃል፣ የቆየ መልእክት ሁሉ ይጠፋል። ጠፋም።

አሁን ሲሙ በስሜ ነው፣ ቁጥሬ ለማያውቁኝ አይታይም፣ ከኮዱ ሌላ የራሴን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ከማስመለሻ ኢሜይል ጋር አብርቻለሁ። የይለፍ ቃል በወረቀት አትጻፉ የሚሉ አዋቂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ ጽፌ ከቤቱ ካርታ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቤቴን የሚሰብር ሌባ የሚፈልገው ቴሌቪዥኑን ነው። «ቴሌግራም የተመሰጠረ ነው» በሚለው ወሬም አልተማመንም። ተራው ውይይት በቴሌግራም ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሚቀመጥ ሌባው በሌላ ስልክ ገብቶ የቆየውን ሁሉ አነበበ፤ ከተጀመረበት ስልክ የማይወጣው ሚስጥራዊ የሚባለው ውይይት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛ የላከልኝን መታወቂያና የባንክ ደረሰኝ ጉዳዩ እንዳለቀ አጠፋለሁ።

የሚስቴ ሲም አሁንም በወንድሟ ስም ነው። ሰኞ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን፤ ሲስተም ካለ።