አርብ ይጎድላል፣ እሁድ ይተርፋል

አሜሪካ በዲቪ የመጣሁት እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከሰንጋ ተራ ኮሜርስ ያገኘሁት የአካውንቲንግ ዲግሪ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለዲቪ 12ኛ ክፍል መጨረስ ስለሚበቃ እስከዚያ ድረስ ምንም አልሠራልኝም።

ዲሲ ፓርኪንግ ገባሁ። ፎርም ስሞላ አንድ የሰፈር ልጅ "ዲግሪ እንዳትጽፍ፣ ይለቃል ብለው አይቀጥሩህም" አለኝ። ሃይስኩል ብዬ ሞላሁ።

የማታው ሺፍት ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው (በእኛ አቆጣጠር)። አርብ አርብ ታዲያ ሒሳቡ ይጎድላል። አንዴ 40 ዶላር፣ አንዴ 65። አርብ ማታ የሚዘጉት ጋሼ ነበሩ፣ አገር ቤት ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ማናጀሩ ከደመወዛቸው ይቆርጣል፣ እሳቸው ዝም ይላሉ። እሑድ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ይተርፋል፣ ስለ ትርፉ ግን ማን ይጠይቃል?

አንድ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ የክፍያ ማሽኑን ሪፖርት ካሸሮቹ ብሩን ከሚያስረክቡባቸው ኤንቨሎፖች ጋር አስተያየሁት። ማሽኑ ቀኑን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ማለትም ጋሼ ከወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ። አርብ ደግሞ ያቺ አንድ ሰዓት ከቡና ቤት የሚወጣው ሁሉ የሚከፍልባት ናት። ብሩን የሚቀበለው የሌሊቱ ካሸር ነው፣ ኤንቨሎፑ የሚቆጠረው በቅዳሜ ነው፣ ሪፖርቱ ግን አርብ ላይ ይጽፈዋል። የቅዳሜ ማታውም እንዲሁ ወደ እሑድ ስለሚሻገር ቅዳሜ የገባውና የወጣው ይቻቻላል፣ ትርፉ እሑድ ላይ ይታያል። ሌባ የለም! አንደኛ ዓመት ላይ "ከት ኦፍ" (ሒሳቡ የየትኛው ቀን ተብሎ እንደሚዘጋ) ብለው ያስተማሩን፣ ለፈተና ሸምድጄ የረሳሁት የመሰለኝ ነገር ነው።

በአንድ ገጽ ሠርቼ ለማናጀሩ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበና "የት ተማርክ?" አለኝ። ነገርኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮ አስገቡኝ፣ በሰዓት የሚጨመርልኝ ግን ዲግሪው ሲረጋገጥ ነው ተባለ። እውቀቱ በአንድ ሌሊት ሠራ፣ ወረቀቱ ወራት ፈጀ። ኢቫሉዌሽኑ፣ ማለትም ዲግሪው በአሜሪካ ስንት እንደሚመዘን ማስገምገሙ፣ ኮርስ በኮርስ ነው፣ ትራንስክሪፕቱም ታሽጎ ከሬጅስትራር በቀጥታ መምጣት አለበት፣ ወንድሜ ስንት ቀን እንደተሰለፈ እሱ ይንገራችሁ። ለሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) ፈቃድ ያኔ 150 ክሬዲት ይጠየቅ ስለነበር የጎደለኝን ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመርኩ።

ለጋሼ የተቆረጠባቸው ተመለሰላቸው። ቼኩን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ አዩኝና፣ "ይህን እያወቅህ ስምንት ወር ምን አፍህን ዘጋው?" አሉኝ።