ነሐሴ 22፣ ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ

ዛሬ ኦገስት 28 በመሆኑ ከሥራ ስወጣ ዋሽንግተን ወዳለው ሊንከን መታሰቢያ ጎራ አልኩና፣ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ዶ/ር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 በዚሁ ቀን ቆመው የተናገሩበትን ደረጃ ፈለግሁት። አንዲት እናት ከያዘችው ጠርሙስ ውኃ ጠብ አድርጋ፣ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ፊደላት ሲጠቁሩ ለልጇ አነበበችለት። 250,000 ያህል ሕዝብ የወጣበት ያ ሰልፍ የጠየቀው ሥራና ነጻነትን ነበር፤ ዛሬ «ሕልም አለኝ» የሚለው የኪንግ ንግግር ብቻ እየተጠቀሰ የሥራው ጥያቄ መረሳቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ከዚያ 8 ዓመት ቀድሞ በዚሁ ዕለት የተፈጸመው ነው። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ የሄደው የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል በሌሊት ተወስዶ ተገደለ፤ ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ (ፍርድ የሚሰጥ የዜጎች ቡድን) ሁለቱን ተከሳሾች ነጻ ለቀቃቸው፤ እናቱም በልጇ ላይ የተፈጸመውን ሕዝብ ሁሉ እንዲያይ ብላ የሬሳ ሣጥኑ ሳይከደን አሰናበተችው። ባራክ ኦባማ በ2008 የፓርቲያቸውን የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት በዴንቨር የተቀበሉትም በዚሁ ቀን ነበር።

በእኛ አቆጣጠር ኪንግ የተናገሩበት ዕለት ነሐሴ 22 ቀን 1955 ነው፤ ቲል የተገደለውም በፈረንጆቹ 1955 መሆኑ ነው የገረመኝ። ይህን በጣቴ ስቆጥር ድንጋዩ ላይ የነበረው ውኃ ደርቆ፣ ልጁም እናቱን እየጎተተ ደረጃውን ወርዶ ነበር።