ዓይን መስበር ውሸት አይደለም፦ ሰውን ማስተዋል የተማርኩበት መንገድ

ሰውን ማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር አጭር ነው፦ ስለ አካል ቋንቋ የሚሰጥ ሥልጠና አትውሰዱ። መሥሪያ ቤታችሁ ከፍሎ ቢልካችሁ እንኳ በዚያ ቀን ፈቃድ ጠይቁ። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ እኔ ወስጃለሁ፤ የምስክር ወረቀቱም እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከሥልጠናው በፊት የጀመርኩት ልምምድ ቀላል ነበር፤ የጠቀመኝም እርሱ ነው። ትንሽ ደብተር ገዝቼ እያንዳንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፦ ያየሁት፣ የገመትኩት፣ የተረጋገጠው። ሰው ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ፣ በአውቶቡስ ውስጥም፣ በስብሰባ ላይም ጻፍኩ። ከሦስቱ የሚከብደው የመጀመሪያው ዓምድ ነው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም። «ተጨንቋል» የሚለው ቃል እዚያ ዓምድ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ጭንቀት አይታይምና። የሚታየው «ስልኩን አወጣ፣ ሳይከፍተው መልሶ ኪሱ ከተተው፣ በሩን አየ» የሚለው ነው። ያየነውንና ያሰብነውን ለይቶ መጻፍ ካልተቻለ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ከፊት ይልቅ እጅን፣ ጫማን፣ ዕቃን ማየት ለመድኩ። አፍንጫ ላይ የቀረ የመነጽር ምልክት፣ በአንድ በኩል ብቻ ያለቀ የጫማ ተረከዝ፣ ፀሐይ ሳያገኘው የቀረ የእጅ ሰዓት ቦታ፣ ጣት ላይ የደደረ ቆዳ፦ እነዚህ ሥራና ልማድ ቀስ ብለው የጻፏቸው ናቸው። ስሜት ግን ፊት ላይ መጥቶ ይሄዳል፤ መጥቶ ሳለም ምክንያቱን አይናገርም። ደግሞም አንድን ሰው ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አላወዳድርም። ሲናገር ሁልጊዜ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው መወናጨፉ ምንም አይነግረኝም፤ እጁ በድንገት ጸጥ ሲል ነው ጆሮዬን የማቆመው።

በዚህ ነገር ስሙ የሚነሣ ሐኪም አለ፤ የኤዲንብራው ጆሴፍ ቤል (1837–1911፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የሲቪል ልብስ የለበሰ ሕመምተኛ ገባ። ቤል ወታደር እንደነበረ፣ በቅርቡ እንደተሰናበተ፣ በስኮትላንድ ደጋ ሬጅመንት የበታች ሹም እንደነበረ፣ ባርባዶስም እንደቆየ አወቀ። ሰውየው ጨዋ ሆኖ ሳለ ባርኔጣውን አላወለቀም፤ ይህ የሠራዊት ልማድ ነው፤ ከተሰናበተ ቢቆይ ኖሮ የሲቪሉን ወግ ይለምድ ነበር። የያዘው በሽታ ዝሆኔ ነው፤ ይህም ባርባዶስ ያለችባቸው የምዕራብ ህንድ ደሴቶች እንጂ የብሪታንያ በሽታ አይደለም። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ በተአምሩ ይገረማሉ። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ቤል እያንዳንዱን ግምት በጥያቄ መልክ ለራሱ ለሕመምተኛው አቀረበ፤ ሕመምተኛውም «አዎ» እያለ መለሰ። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይታረም ነበር። ሥልጠናዎቹ ይህን ክፍል ጥለው ነው የሚያስተምሩት።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ። አሠልጣኙ ከውጭ የተቀጠረ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ያልነካው ሰው ነበር። ገና ሲጀምር ከመልእክታችን 93 በመቶው የሚተላለፈው ያለ ቃል ነው አለን። እጄን አውጥቼ፣ እንዲህ ከሆነ በማናውቀው ቋንቋ የሚደረግ ክርክር ለምን አይገባንም ብዬ ጠየቅሁ። ፈገግ አለና «ሲጠይቁ እጅዎን አጣምረዋል፤ ይህ ራስን መከላከል ነው» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። አዳራሹ ደግሞ ይበርድ ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣው ከጭንቅላታችን በላይ ያናፋል፤ ከሳቁት ገሚሱ እጃቸውን አጣምረው ነበር የሳቁት።

ቁጥሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአልበርት ሜህራቢያን ነው። በ1967 በታተሙ ሁለት ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ለቃል 7፣ ለድምፅ ቃና 38፣ ለፊት ገጽታ 55 በመቶ የሚል ቀመር አወጣ። ጥናቶቹ ነጠላ ቃላትን በተለያየ የድምፅ ቃና እያሰሙ፣ የፊት ፎቶግራፍም እያሳዩ፣ ተናጋሪው ይወድዳል ወይስ ይጠላል የሚለውን ያስገመቱ ናቸው። ስለ ንግግር ሁሉ አልነበሩም፤ ባለቤቱ ራሱም ይህን ተናግሯል። አሠልጣኙ ይህን ያውቅ እንደሆነ ሻይ ዕረፍት ላይ ጠየቅሁት፤ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ።

ነገሩ በአዳራሽ ቢቀር ኖሮ ስቄ እተወው ነበር። ግን የሰው ኃይል አስተዳደራችን የአሠልጣኙን ዝርዝር ወስዶ ከቅጥር ቃለ መጠይቅ ቅጽ ጋር አያያዘው። ዓይን መስበር ነጥብ ያስቀንሳል፤ ፊትን መንካት ያስቀንሳል፤ ወንበር ላይ መቁነጥነጥ ያስቀንሳል። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፤ ነጥብ አልሰጥም፣ አልጠይቅምም። ከሰዓት በኋላ የገባ አንድ ተወዳዳሪ መልሱ ሁሉ የተጣራ ነበር፤ ሥራውን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ግን ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሰብሮ ተናገረ፤ አንድ ሁለት ጊዜም ግንባሩን በእጁ ጋረደ። ሲወጣ ሰብሳቢያችን ብዕሩን አስቀመጠና «የሚደብቀው ነገር አለ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በቅጹ ላይ ምልክቱን አደረጉ።

ቀጣዩ ተወዳዳሪ እስኪገባ ወረቀት ላስተካክል ስል በተወዳዳሪው ወንበር ተቀመጥኩ። ከኮሚቴው ጀርባ ያለው መስኮት መጋረጃ የለውም፤ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ፊቴ ላይ አረፈች። ሰብሳቢው የት እንደተቀመጠ እንኳ ጥላውን ብቻ ነበር የማየው። ዓይኔን ሰበርኩ፤ እጄ ሳላዝዘው ግንባሬን ጋረደ።

ለሰብሳቢው ነገርኩት። «ጠዋት የገቡትም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናችንን አይተዋል» አለኝ። ጠዋት ፀሐይዋ በሕንፃው በሌላው በኩል ነበረች! የነጥብ ሰነዶቹን አወጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ የገቡት ሁሉ በዓይን ጉዳይ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል፤ ጠዋት ከገቡት አንድም ሰው አልተቀነሰበትም። ይህን በማስታወሻ ጽፌ ለአስተዳደሩ አስገባሁ። መልሱ ቅጹ በበላይ አካል የጸደቀ ስለሆነ በውድድር መካከል አይለወጥም የሚል ነበር። ፀሐይዋን ያጸደቃት አካል የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። ለተወዳዳሪው የተላከው ደብዳቤ «በራስ መተማመን የሚጎድለው» ይላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጠየቅ ሥልጣን ከነበራቸው ሰዎች አንዱ «ብርሃኑ አስቸገረህ?» ቢለው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በንዴት ነው ያነበብኩት። በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ቦንድና ቤላ ደፓውሎ ከ24,000 በላይ ገማቾች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች ውሸትን ከእውነት የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ነው፤ ሳንቲም ቢወረውሩ 50 ያገኛሉ። በዚያው ዓመት በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት ሰዎች ስለ ውሸታም ከሁሉ ይልቅ የሚያምኑት ዓይን ለዓይን አያይም የሚለውን እንደሆነ አሳየ፤ ደፓውሎ በ2003 ያሰባሰበችው ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ሶል ካሲንና ክርስቲና ፎንግ በ1999 ያወጡት ደግሞ እንደ እኔ የሠለጠነን ሰው የሚያሳፍር ነው፦ የፖሊስ መርማሪዎች የሚማሩትን የውሸት ምልክት የተማሩ ተማሪዎች ካልተማሩት ይልቅ ተሳሳቱ፤ በፍርዳቸው ግን ይበልጥ ተማመኑ፤ የሚያቀርቡትም ምክንያት በዛ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአየር ማረፊያዎች መንገደኛን በሁኔታው የሚለይ ፕሮግራም ላይ ከ2007 እስከ 2013 ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2013 ገንዘቡ ይገደብ ብሎ መከረ። የእኛ አስተዳደር ይህን ሁሉ ከማስታወሻዬ ጋር አያይዤ ብሰጠውም ቅጹ አልተለወጠም።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ስለ አንድ ሰው ግምት በመጣልኝ ቁጥር ሁለተኛ ምክንያት እጽፋለሁ፤ ያም ምክንያት የግድ ከቦታው ወይም ከሁኔታው እንጂ ከሰውየው ባሕርይ መምጣት የለበትም፦ ብርሃን፣ ብርድ፣ ወንበር፣ የጠበበ ጫማ፣ እንቅልፍ ማጣት። ከዚያ እጠይቃለሁ። በ2018 ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ 25 ሙከራዎችን አሳትመዋል፤ ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ ማሰብ ግምትን አላሻሻለም፤ ሰውየውን አነጋግሮ መረዳት ግን አሻሻለ። አጠያየቁ ግን ዕውቀት ይፈልጋል። «ለምን ተጨነቅህ?» ማለት ፍርድ ነው፤ ሰውየውም ይዘጋል። ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ፦ «ስለ ቀነ ገደቡ ስናወራ ዝም አሉ።» ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። የሚመጣው መልስ ከገመትኩት ጋር የሚገጥመው ከምመኘው በታች ነው፤ ሦስተኛውን ዓምድ የምወደውም ለዚህ ነው።

መመሪያዎች ሁሉ የሰውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አነጋግሩ ይላሉ። እኔ አላደርገውም። አፍጥጦ የሚያይ ሰው የሚያየው ሲፈጠጥበት የሚለወጠውን ሰው ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ታሪኩን ከኋላ ወደ ፊት እንዲተርክ ማድረግ ዋሾን ያደናግረዋል ይላሉ፤ ለምርመራ ክፍል ይጠቅም ይሆናል፤ በሥራ ባልደረባ ላይ የሚሞክረው ግን ወዳጅ ያጣል። ቤተሰብ ላይ ደብተር አይወጣም፤ እህቴ አንድ ቀን ገጿን አግኝታ አንብባዋለች፤ ከሦስተኛው ዓምድ ግማሹን በራሷ እጅ አርማ መለሰችልኝ።