ጆሮዬ ከጣቴ ቀድሞ ሄዷል፦ ወደ ጊታር የተመለስኩበት መንገድ

ጊታር የተውኩት ጠልቼው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለን ማታ ማታ ከዶርም ውጭ ተሰብስበን እንጫወት ነበር። አምስት ስድስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እይዛለሁ፤ ለዘፈኑ እስከበቃኝ ድረስ ሌላ አልጠይቅም። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። ጊታሩ ቁም ሳጥን ጀርባ ገባ። ዓመታት አለፉ።

ሙዚቃ መስማት ግን አላቆምኩም። ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ ቤትም፣ ሥራ ቦታም እሰማለሁ። ጊታሩን መልሼ ሳነሳ የገባኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጣቴ ወደኋላ ተመልሷል፤ ጆሮዬ ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሲማር ኖሯል። ድሮ «ደስ ይላል» ብዬ ብቻ የማልፈውን ዘፈን አሁን ስሰማው ቤዙ ወዴት እንደሚሄድ እከተላለሁ። ጊታሩ የት ገብቶ የት ዝም እንዳለ ይሰማኛል። ስለዚህ ከፊቴ የቆየኝ ሥራ ሁለት ነበር፦ ጣቴን ጆሮዬ ያለበት ማድረስ፣ ጆሮዬ ለሚያውቀው ነገር ደግሞ ስም ማግኘት። ቴክኒክና ቲዎሪ ስል ከዚህ ሌላ ምንም ማለቴ አይደለም።

ከዕቃው ልጀምር፤ ብዙ ተመላሽ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመታት የተቀመጠ ጊታር ክሩ ይዝጋል። የዛገ ክር ቢቃኙትም አይቆምም፤ ጣትም ያቆስላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክር መቀየር ነው። እኔ በቀጭኑ ክር ውፍረቱ 0.012 ኢንች የሆነውን ትቼ 0.010 ገዛሁ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፣ ለጣት ግን ብዙ ነው። ጣቴ እስኪጠነክር ድረስ ሁሉንም ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት። ክሩ ሲላላ መጫን ይቀላል። ከዘፈን ጋር አብሮ መጫወት ሲያስፈልግ ደግሞ መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት አግድም ብረቶች አንዱ) ላይ ካፖ፣ ማለትም ሁሉንም ክር አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ማሰር ይበቃል።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ክሩና 12ኛው ፍሬት መካከል ያለው ክፍተት በወፍራሙ ክር በኩል ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለብረት ክር አኩስቲክ ጥሩ ነው። የኔ ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ጋ ወስጄ አንገቱን አስተካከለው፣ ክሩ የሚያርፍበትን አጥንትም ሞረደው። ያኔ ነው «እጄ ደክሟል» ብዬ የማስበው ግማሹ የጊታሩ ችግር እንደነበር ያየሁት። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክተው የሚሰሙት ድምፅና ተጭነው የሚሰሙት ድምፅ አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ ክሩ አርጅቷል፣ ወይ ጊታሩ ባለሙያ ይፈልጋል።

ጣትን በተመለከተ ብዙ አልልም። የጣት ጫፍ ሕመም የተለመደ ነው፣ ቆዳው ሲጠነክር ይጠፋል። የእጅ አንጓ ሕመም ሌላ ነው፤ ያኔ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ያዳነኝ ፍሬቱን ራሱን ተጠግቶ መጫን ነው፤ ከፍሬቱ በራቅን ቁጥር ብዙ ኃይል እናወጣለን። ጠቋሚ ጣት ሁሉንም ክር የሚጫንበትን ኤፍ ኮርድን ደግሞ በአውራ ጣት ጨምቄ ለመያዝ መታገሉን ተውኩት። ጠቋሚ ጣቴን ወደ ጎኑ ትንሽ አዘንብዬ፣ ክንዴን በክብደቱ ወደኋላ ስስበው ኮርዱ ጠራ። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ድልድዩ (ክሩ ከጊታሩ አካል ጋር የሚያያዝበት) አጠገብ ክሩ ሥር ጨርቅ ወትፌ እለማመዳለሁ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጨርቁ ግዴታ ነው።

ዋናው ነገር ቲዎሪው ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ወጣት እያለሁ ቲዎሪ የማይገባኝ ምሳሌዎቹ ከማላውቃቸው ዘፈኖች ስለሚመጡ ነበር። ሜጀር ስኬልን፣ ያንን የሰባት ድምፅ መሰላል፣ በቃሌ እይዛለሁ፣ ግን ምን እንደማደርግበት አላውቅም። አሁን በተቃራኒው ሄድኩ። ጆሮዬ ከልጅነቱ የሚያውቃቸውን አራቱን ቅኝቶች ያዝኩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። በአንድ ክር ላይ ብቻ፣ ከአንድ መነሻ እስከ ከፍተኛው አቻው፣ ፍሬት እየቆጠርኩ ፈለግኳቸው። ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ፍሬት ነው የሚራመደው። ትዝታ ማይነር 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4። ባቲ ሜጀር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1። ባቲ ማይነር 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2። አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4። አንቺሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። እያንዳንዳቸው ሲደመሩ 12 ይመጣሉ፤ 12 ፍሬት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ከፍተኛው አቻው ያለው ርቀት፣ ነውና።

ይሄን በአንድ ክር ላይ ማድረጉን በጣም እመክራለሁ። የክራር ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን ወደሚፈልገው ቅኝት ያስገባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ መሣሪያው ላይ የለም። ጊታር ላይ 12ቱም ድምፆች ተደርድረው ይጠብቁናል። የትኛውን እንደምንተው ማወቅ የኛ ሥራ ነው። በአንድ ክር ላይ ደግሞ ርቀቱ በዓይን ይታያል። የአምባሰል የመጀመሪያዋ ጠባብ እርምጃና ከዚያ የሚከተለው ሰፊ ዝላይ፣ ያ ሆድ የሚያባባው ነገር፣ እጄ ሥር ሲመጣ በጣም ነው የደነቀኝ።

ከዚያ ዝምድናቸው መታየት ጀመረ። ከውጭ የሚመጡ የጊታር ትምህርቶች ሶሎ ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ ማይነር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ይጀምራሉ፤ 5ኛው ፍሬት ላይ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ (ድምፆቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ከኤ እስከ ጂ ይጠራሉ)። ይሄ በድምፆቹ ባቲ ማይነር ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ይዘን ማረፊያችንን ሲ ላይ ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ይሆናል። አንድም ድምፅ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ቤቱ ነው። ትዝታ ማይነርና አምባሰልም እንደዚያው ናቸው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብለን ኤ ላይ ስናርፍ ትዝታ ማይነር ነው፤ ኢ ላይ ስናርፍ አምባሰል። ለጊታር ደግሞ ይሄ በጣም ምቹ ቦታ ነው። ወፍራሙም ቀጭኑም ክር ኢ ስለሆኑ፣ አምባሰልን ከኢ ስንጀምረው ክፍት ክሮቹ ራሳቸው ያጅቡናል።

ይህን ካገኘሁ በኋላ ቀን ከሌት ድምፆቹን ወደላይ ወደታች ስሮጥባቸው ነበር። ግቢያችን ውስጥ ክራር የሚጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ጊታሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይስሙኝ፤ ትዝታ ነው?» አልኳቸው።

ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ድምፆቹ የትዝታ ናቸው፣ ልጄ። ግን የትም አላረፍሽም። መጀመሪያ ዝፈኚው፤ ትንፋሽሽ ሲያልቅ እጅሽም ያርፋል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልዘፍን የምመታው ሐረግ የለም። ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ ለዚህ ግን ጥሩ መሆን አያስፈልገውም። አንድ ሐረግ አንጎራጉራለሁ፣ ከዚያ ጊታሩ ላይ እፈልገዋለሁ። ቅኝት ከአምስት ድምፅ በላይ ነው። የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከየትኛው ወደየትኛው እንደሚንሸራተት አብሮ ይመጣል። የአስናቀች ወርቁንና የካሳ ተሰማን ክራር አጠገቤ እያጫወትኩ ሐረግ በሐረግ መከተል ለኔ ከማንኛውም የጣት ልምምድ የበለጠ ጠቅሞኛል። በክራርና በማሲንቆ ላይ አንዳንዱ ድምፅ ከፍሬቱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ክሩን በጣት ገፋ እያደረግኩ እዚያ ለመድረስ እሞክራለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታሩን ለሚወድ ሰው ደግሞ የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ሥዩምን በደንብ ማዳመጥ ነው። የክራር አመታት በጊታር እንዴት እንደሚናገር እዚያ ውስጥ ይሰማል።

ኮርድ ላይ ስደርስ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁሉንም ዘፈን በሲ፣ በኤፍና በጂ ኮርድ ነበር የማጅበው። አሁን ጆሮዬ እምቢ አለ። ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ስፈልግ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሜጀር ኮርድ የሜጀር ስኬሉ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ ነው፤ የሲ ኮርድ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። በሲ ትዝታ ውስጥ ሦስቱም አሉ። ጂ ኮርድ ግን ቢን ይዞ ይመጣል፣ ኤፍ ኮርድም ኤፍን። ሁለቱም የትዝታ ድምፆች አይደሉም። በቅኝቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩት ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ናቸው። በአምባሰል ይብሳል። ከኢ የሚነሳ አምባሰል ውስጥ የኢ ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ የለም፤ ሜጀርም ማይነርም ልንለው አንችልም። ኢና ቢን ብቻ አጣምሮ መምታት ግን ያምራል። ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር ደግሞ ከነሙሉ ድምፃቸው ውስጡ አሉ።

ይሄ ማለት ሌላ ኮርድ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የጃዝ ኮርዶችን ከቅኝቶቻችን ጋር ሲያዋህድ ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንዳለ አሳይቷል። ግን የትኛው ድምፅ ከቤት እንደሆነና የትኛው እንግዳ እንደሆነ አውቆ ማስገባትና ሳያውቁ ማስገባት ይለያያል። ቲዎሪ ለኔ የጠቀመኝ እዚህ ነው። ዘፈኑ ሲጎረብጠኝ ድሮ ጊታሩን አስቀምጥ ነበር። አሁን የቱ ድምፅ እንደጎረበጠኝ እጠይቃለሁ፣ ብዙ ጊዜም መልሱን አገኘዋለሁ።

ቀኝ እጄን ያስተማረኝ ጭክጭካ የሚባለው የጭፈራ ምት ነው። በስድስት ይቆጠራል። እግሬ 1 እና 4 ላይ ይረግጣል፣ እጄ ደግሞ 1፣ 3 እና 5 ላይ ይመታል። እግር ሁለት፣ እጅ ሦስት። መጀመሪያ ያለ ጊታር፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ልጆቼ እራት ሲጠብቁ ከእኔ ጋር ማጨብጨብ ስለጀመሩ ሳላስበው ልምምዱ በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ። ሰውነት ሲይዘው ብቻ ወደ ክሩ መሄድ ነው። ለፍጥነት መቸኮል አያስፈልግም። በዝግታ የማይጨፈር ጭክጭካ ሲፈጥንም አይጨፈርም።

ጊዜን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ቅዳሜን ጠብቆ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል። የተጫወትኩትን በስልኬ ቀድቼ በማግስቱ እሰማዋለሁ፤ እየተጫወቱ የማይሰማ ነገር በማግስቱ ይሰማል። ጊታሩን ደግሞ ከቦርሳው አውጥቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የሚታይ ጊታር ይነሳል።

አሁን የያዘኝ አንቺሆዬ ነው። ከኢ ስነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይመጣል (ፍላት በአንድ ፍሬት ዝቅ፣ ሻርፕ በአንድ ፍሬት ከፍ ማለት ነው)። የኢ ኮርድ አምስተኛ ድምፅ የሆነው ቢ ስለሌለ፣ አምባሰልን የማጅብባት የኢና የቢ ጥምረት እዚህ አትሠራም። መነሻው ላይ የሚቆም ሜጀርም ማይነርም ኮርድ የለውም። ውስጡ ያገኘሁት ኤ ሜጀር ነው፤ ግን ብዙ ከቆየሁበት ጆሮ ኤን ቤት አድርጎ ይወስደውና አንቺሆዬው ይጠፋል። ለጊዜው ወፍራሙን ኢ ክር ክፍቱን እየመታሁ ዜማውን በላዩ ላይ ብቻውን እጫወታለሁ፤ ኤ ሜጀርን ሐረጉ መሐል ላይ ነካ አድርጌ እወጣለሁ። ይሄን ቅኝት በጊታር በሌላ መንገድ የምታጅቡ ካላችሁ እንዴት እንደምትይዙት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።