ለፍሬን ሥራ ስንት የእጅ ይከፈላል?

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ከተማ ውስጥ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከኋላ እየተከተለህ ስትወርድ የፍሬን ነገር ቀልድ አይደለም። የፊት ፍሬኔ ሲጥ ሲጥ ማለት እንደጀመረ ጋራዥ አፈላለግኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ከነሸራው (ፍሬን ሲያዝ እየተፋተገ የሚያልቀው ዕቃ) 8,000 ብር አለኝ። "የእጁ ብቻ ስንት ነው?" ስል "ጠቅላላ ነው አለቃ፣ እኛ እንጨርስልሃለን" ተባልኩ። ሌላው መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ "የእጅ 500" አለኝ። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው 500ው ለአንድ ጎማ ነው። አንዱን ውድ፣ ሌላውን ርካሽ ለማለት መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ነበረብኝ።

የኔ ቪትዝ ፊቷ ዲስክ (ክብ ጠፍጣፋ ብረት)፣ ኋላዋ ታምቡር (ከበሮ መሰል ብረት) ነው። የፊቱ ሥራ ቀላል ነው። ጎማ ይወልቃል፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ብሎን ይፈታል፣ አሮጌው ሸራ ይወጣል፣ ፒስተኑ ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አዲሱ ይገባል። ለለመደ እጅ ሁለቱም ጎማ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። የኋላው ግን ስፕሪንጉ ብዙ ነው፣ የእጅ ፍሬኑም እዚያው ስለሚያዝ ጊዜ ይወስዳል። የእጁ ከፊቱ ቢወደድ ተገቢ ነው። ሸራ ደግሞ ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው። "ያለቀው አንዱ ነው፣ እሱን ብቻ እንቀይር" የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ልትጎትት ትችላለች።

ይህን ከያዝኩ በኋላ ለሁሉም ጋራዥ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብኩ። "ቪትዝ ናት፤ የፊት ሸራ፣ ሁለቱም ጎማ፤ ሸራውን እኔ አመጣለሁ፤ የእጅ ብቻ ስንት?" ያን ጊዜ መልሱ ተቀራረበ። አብዛኛው ከ1,000 እስከ 1,500 ብር መሃል ሆነ። ቁጥሩ ነገ ይቀየራል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ሸራውን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ዕቃ ይዘህ ስትሄድ የእጁን ትንሽ ከፍ የሚያደርጉ አሉ። ከዕቃው የሚያገኙት ትርፍ ስለሚቀርባቸው ነው፤ በግልጽ እስከነገሩኝ ድረስ ቅር አይለኝም።

በመጨረሻ 1,400 ያሉኝን አንድ ጎልማሳ መካኒክ መረጥኩ። "ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ምን ምን ይሠሩልኛል?" አልኳቸው።

"ካሊፐሩ የሚንሸራተትበትን ፒን አውጥቼ አጸዳለሁ፣ ግሪስ እቀባለሁ፣ ዲስኩን አያለሁ። ሸራ መቀየርማ ማንም ይቀይራል" አሉኝ።

አልተከራከርኩም። አጠገባቸው ቆሜ ሲሠሩ አየሁ። ካሊፐሩን በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰሩት። በቀኝ በኩል ያለው አንዱ ፒን ደርቆና ዝጎ አልወጣ አለ። በካቻቢቴና በመዶሻ ታግለው አወጡት። ያወለቁትን ሸራ ሲያሳዩኝ የውስጠኛው ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ የውጭው ግን ገና ብዙ ነበረው። ካሊፐሩ መንሸራተት ስላቃተው አንዱ ብቻውን ሲበላ ከርሟል። ፒኑ እንደዚያው ቢተው አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቅ ነበር። ሌላ ሸራ፣ ሌላ የእጅ ማለት ነው። 1,400ው ተገቢ መሆኑን እዚያው አረጋገጥኩ።

ሂሳብ ላይ የሚጨመሩትንም አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከፍሬን ዘይት መስመር አየር ማውጣት ለምሳሌ፣ ሸራ ብቻ ሲቀየር የዘይቱ መስመር ስለማይከፈት አያስፈልግም። ከተጠየቃችሁ "ምን ስለተከፈተ ነው?" በሉ። ዲስክ ገጹ እንዲላጥ ቶርኖ ቤት የሚሄደው ከተቦረቦረ ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነው፤ ዝቅተኛው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ በታች ከወረደ መላጥ የለበትም። የፍሬን ዘይት መቀየር ግን እንደኔ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ትርፍ ወጪ አይደለም። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባው ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ የእጁ ግን ለብቻው ይነገር።

ጋሼ ሲጨርሱ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፣ ከዚያ አብረን ዞር ዞር ብለን ሞከርናት። የኋላውን ለቦሎ ምርመራ ከመሄዴ በፊት እሳቸው ጋ አሠራለሁ። የእጁን 2,000 ብለውኛል፤ ታምቡሩ ዝጎ ተጣብቆ ከተገኘ ግን ትንሽ እንደሚጨምር ከወዲሁ ነግረውኛል።